በአሥራ ሁለተኛው ፎቅ ያለው መጥረቢያ

ሀቢቡላህ ይማም መካነ ሰላም ውስጥ ማመልከቻ እየጻፈ የሚተዳደር ሰው ነው። አባቱ ሸኽ ይማም ቁርኣን ያቀሩ ስለነበር ልጃቸው ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ሉህ ከሚሉት የእንጨት ሰሌዳ ጋር ሲታገል አደገ፤ ፊደሏ ትንሽ ከተንጋደደች ሰሌዳውን አጥቦ እንደገና መጻፍ ነው፣ ልመና የለም። እጁ የተገራው ያኔ ነው። ኋላ የአማርኛውንም ፊደል እንዲሁ አሳምሮ ይጽፍ ጀመርና፣ የሀቢቡ ጽሑፍ ከሆነ ሹሙ ሳያነብ ይፈርማል እያሉ ያጋንኑለት ነበር። እሱም ማጋነኑን አልጠላውም።

እውነተኛ ሙያው ግን የጽሑፉ ማማር አልነበረም። ባለጉዳይ ወረቀት ሲያቀብለው እንደ ሌሎቹ ጸሐፊዎች ከራስጌው አይጀምርም፤ ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው ግርጌው ላይ ነው። ማህተሙን ያያል፣ ቀኑን ያያል፣ በጣቱ ይቆጥራል። "ስንት ቀን ቀረዎት?" ሳይል "ምን ደረሰብዎት?" ብሎ ጠይቆ አያውቅም። የሚያለቅስ ሰው እንኳ ቢመጣበት ቀኑን ሳያይ አያጽናናም።

በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ደሴ ሄዶ ያገለገለ ኮምፒውተርና ማተሚያ ገዛና፣ በጭነት መኪና ጋቢና እንደ አራስ ልጅ አቅፎ አመጣው። የጽሕፈት መኪናውን ሸጠ። በሩ ላይም በዚያ ውብ እጁ "በኮምፒውተር ብቻ እንጽፋለን" ብሎ ለጠፈ። ያቺን "ብቻ" ያስገባት ለኩራት ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ጨዋታው ከኮምፒውተሩ ጋር የመጣ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ሳያጠፋው የተወው። አንድ ጎራዴ የያዘ ሰውዬ ከፈረሰ ግንብ ሥር ወዳለ ዋሻ ይገባል። ዋሻው አሥራ ሁለት ፎቅ ወደ ታች ይወርዳል። በየፎቁ የሚራመድ አጽም፣ እሳት የሚተፋ ዘንዶ፣ ከድንጋይ የተሠራ ግዙፍ ፍጡር ይጠብቀዋል። ሰውዬው ከሞተ ከአንደኛው ፎቅ መጀመር ነው፤ መብራት ከጠፋም እንደዚያው። የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪው አሕመድኑር አንድ ቀን ብቅ ብሎ የጨዋታውን ጽሑፍ ሲያነብለት፣ በመጨረሻው ፎቅ አንድ መጥረቢያ እንዳለ ነገረው። አስማት ያለበት መጥረቢያ ነው። የያዘው ሰው ሁለቴ መምታት አያስፈልገውም፤ ዘንዶም ይሁን ድንጋይ በአንድ ምት ይወድቅለታል።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሀቢቡላህ ልቡ ሌላ ቦታ ሆነ። የሠላሳ አራት ዓመት ሰው፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ምሳ እየበላ አሥረኛው ፎቅ ላይ በየት በኩል እንደሚታለፍ ያሰላ ነበር። ሚስቱ መርዋ ጠዋት ጠዋት "መጥረቢያው ደህና አደረ ወይ?" እያለች ትቀልድበታለች። እሱም ይስቃል፤ ሲወጣ ግን እርምጃው ይፈጥናል።

በዘጠና ስምንት፣ ሚያዝያ ሃያ፣ አርብ ቀን፣ እማማ የሻለም መጡ። እማማ የሻለም የአራት ሰዓት መንገድ በእግራቸው የመጡ የደጋ ሴት ናቸው። ባላቸው አድማሴ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗል፤ ልጅ የላቸውም። ባልና ሚስቱ ከወንዝ ውሃ እየተሸከሙ፣ ችግኝ በችግኝ፣ ከቤታቸው በላይ ያለውን ዳገት ባሕር ዛፍ አልብሰውት ነበር። የባላቸው ወንድም ልጅ ግን መሬት ሲመዘገብ ቀድሞ ተገኝቶ ዳገቱን በስሙ አስጻፈው። ዝርዝሩ ለሕዝብ ሲለጠፍ፣ ቅሬታ ያለው በጽሑፍ ያመልክት ተብሎ ቀን ተቆረጠ። እማማ የሻለም ይህን የሚል ማህተም ያለበት ወረቀት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነው የገቡት። "ጧሪዬ እሱ ዛፍ ነው ልጄ፤ ሌላ ማንም የለኝ" አሉት።

ሀቢቡላህ አሥራ አንደኛው ፎቅ ላይ ነበር። ዓይኑን ከኮምፒውተሩ መስተዋት ሳያነሳ፣ አንድ የተጀመረ ሥራ እንዳለበትና ትንሽ እንዲጠብቁት ነገራቸው። የኮምፒውተሩ ፊት ወደ እሱ፣ ጀርባው ወደ ባለጉዳይ ስለሆነ ምን እንደሚሠራ የሚያይ የለም። እማማ የሻለም አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

ለጁምዓ ሶላት ወጣ፣ ተመለሰ። እማማ የሻለም እዚያው ናቸው። ከሱቁ አጠገብ ያለው የኤሌክትሪክ ወፍጮ ያጓራል። ወዲያው አሕመድኑር በበሩ ሲያልፍ ራሱን ብቅ አድርጎ አገኘኸው ወይ ብሎ ጠየቀው። "መጥረቢያውን? ሦስት ወር ሙሉ ፈልጌ አጣሁት" አለ ሀቢቡላህ፣ "ዛሬ ግን አይቀርልኝም።" አሕመድኑር ስቆ ሄደ። አሮጊቷም ከአግዳሚው ላይ ሆነው ሰሙ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጥረቢያው ተገኘ። በሰማያዊ ብርሃን የተከበበ፣ ከሰውዬው ቁመት የሚበልጥ መጥረቢያ። የድንጋዩ ፍጡር በአንድ ምት እንደ እንቧይ ካብ ተናደ። ሀቢቡላህ ሳያስበው ጮክ ብሎ ሳቀ፣ ፊቱም በላብ ረጥቦ ነበር። እማማ የሻለም የእሳቸው ጉዳይ የተሳካ መስሏቸው "ተመስገን" አሉ።

እሱም ደስ ብሎት ጨዋታውን ዘጋና፣ በሉ አሁን ወደ እርስዎ እንምጣ ብሎ ወንበሩን አስተካከለ። ይኼኔ ወፍጮው ድምፁ ወረደ፣ ወረደና ቆመ። መስተዋቱም ጠቆረ።

መሥሪያ ቤት ሊዘጋ ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀራል። የእማማ የሻለም ነገር ደግሞ በእጅ ቢጻፍ አንድ ገጽ ተኩል፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ብዕሩ ኪሱ ውስጥ ነበረ። ግን በሩ ላይ "ብቻ" ተብሎ ተለጥፏል፤ ልቡም ገና አሥራ ሁለተኛው ፎቅ ነበር። ሰኞ የሠራተኞች በዓል ስለሆነ ማክሰኞ ይምጡ አላቸው።

"ቀኑ አያልፍብኝም?" አሉ።

"አያልፍም፣ አብሽሩ።"

ወረቀቱን ተቀብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው። ግርጌውን አላየውም።

ያየው ሰኞ ነው። ለበዓሉ ሱቁን ዘግቶ መሳቢያውን ሲያደራጅ እጁ ላይ መጣ። "እስከ ሚያዝያ 20 ቀን 1998 ዓ.ም. ድረስ ብቻ" ይላል። በጣቱ ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ። አሥራ አምስት ዓመት የሰው ቀን ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። አፈረ። ብቻውን ሆኖ፣ የሚያየው ሰው ሳይኖር፣ ጆሮው እስኪግል አፈረ።

ማክሰኞ እማማ የሻለም ሲመጡ እውነቱን አልነገራቸውም። ይልቅ ያለውን ችሎታ ሁሉ አውጥቶ አንድ ማመልከቻ ጻፈላቸው፤ አመልካቿ በቀጠሮው ቀን ተገኝተው ሳለ በመብራት መቋረጥ ምክንያት ቅሬታቸውን ማስጻፍ እንዳልቻሉ የሚያትት። እንዲያ የሚያምር ነገር ጽፎ አያውቅም። ምን ዋጋ አለው፣ የሚያምር ውሸት ነበር።

ቅሬታ ሰሚዎቹ በሳምንቱ ሲቀመጡ ሀቢቡላህም ሄዶ በሩ ሥር ቆመ። ሰብሳቢው አቶ ውበቱ ማመልከቻውን አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። አርብ ዕለት እሳቸው ራሳቸው እህል እንዳስፈጩና እስከ ዘጠኝ ሰዓት መብራት እንደነበረ ተናገሩ። ቀጥለውም፣ ትልቅ ሰው በሐሰት ማመልከት አያምርም እትዬ፣ አሏቸው።

እማማ የሻለም ቀስ ብለው ተነሡ። "ልጁ ሥራ በዝቶበት ነው እንጂ አልሰነፈም" አሉ። "ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከማሽኑ ሲታገል ውሏል። ላቡ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። ወረፋዬ ሲደርስ ነው መብራቱ የጠፋው።"

ከተቀመጡት አንዳንዱ ሳቀ። አሮጊቷ ወደ በሩ ዞረው ሀቢቡላህን አዩት፤ እንዲመሰክርላቸው ነው። እሱ መሬት መሬት አየ። ያን ጊዜ አንድ ቃል ቢናገር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ቢል፣ ምናልባት ይሰሟቸው ነበር። ግን ስለ ዘንዶና ስለ አጽም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንዴት አድርጎ ያውራ? የራሱን መሳቂያ መሆን ፈርቶ እሳቸውን ውሸታም አስባላቸው። ቀኑ አልፏል ተብሎ ቅሬታቸው ተመለሰ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እማማ የሻለም እንደገና ሱቁ መጡ። የያዙት ወረቀት አልነበረም። በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ከጀርባቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት፣ ፈቱትም። መጥረቢያ ነው። ስለቱ ከብዙ መሳል የተነሳ ጠቧል፤ የወይራ እጀታው በሰው መዳፍ ብዛት ወዝቶ ያበራል።

"የአድማሴ ነው" አሉ። "ያን ቀን መጥረቢያ አጣሁ ስትል ሰምቼህ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ፈልገህ። ለእኔ ብለህ ያን ያህል ደክመህ፣ በባዶ እጄ መቅረቱ ከበደኝ። እኔ ከእንግዲህ የምቆርጠው ዛፍ የለኝ።"

ሀቢቡላህ እጁን ወደ እጀታው ሰድዶ መለሰው። ፊቱ መለዋወጡን አይተው እማማ የሻለም በዛፉ ያዘነላቸው መሰላቸውና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "አብሽር ልጄ" ብለውት ወጡ።

መርዋ ማታ መጥረቢያውን ስታይ እንደ ልማዷ ልትቀልድ ጀምራ ፊቱን አየችና ተወችው። እሱም ነገሩን ሁሉ ነገራት። እሷ አልተቆጣችም፣ አላጽናናችውምም፤ ይህን ለእኔ ምን ትነግረኛለህ ብቻ አለችው።

ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ ወደ ደጋው ወጣ። እማማ የሻለምን ከደጃቸው ሽንብራ ሲለቅሙ አገኛቸው። ከቤታቸው በላይ ያለው ዳገት ተመንጥሯል። የወንድም ልጁ ዛፉን ለነጋዴ ሸጦት፣ ነጋዴውም በሦስት ቀን አስቆርጦ ጭኖት ሄዷል፤ የቀረው ጉቶና ቅጠል ነው። ቅጠሉ ገና ይሸታል።

ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥም አለ።

"እማማ የሻለም፣ ያን ቀን ስሠራ አልነበረም። ስጫወት ነው የዋልኩት።"

አልገባቸውም። አስረዳቸው። ማሽኑ ውስጥ ሥዕል እንዳለ፣ በሥዕሉ ውስጥ አንድ ሰውዬ ከመሬት በታች እየወረደ መጥረቢያ እንደሚፈልግ፣ ያን ሰውዬ የሚነዳው እሱ ራሱ እንደነበር ነገራቸው። የወረቀታቸውን ግርጌ እንዳላየው፣ የመጨረሻው ቀን ያ ቀን እንደነበር፣ በእጁ ሊጽፍላቸው ይችል እንደነበር ነገራቸው። ሲናገር የልጅ ወሬ ይመስል ነበር፤ የሚያሳፍረውም ይኸው ነው። ዛፍ ያህል ነገር የጠፋው ለዚህ ነው።

እማማ የሻለም የያዙትን ሽንብራ አስቀመጡ።

"ታዲያ አገኘኸው?" አሉት።

"አገኘሁት።"

"ምን ይሠራል?"

"አንዴ ከመቱበት የማይጥለው ነገር የለም።"

እማማ የሻለም ቀና ብለው ዳገቱን አዩ።

"እውነትህን ነው" አሉ።

መጥረቢያውን በሁለት እጁ ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም። እኔ ቤት ምን ያደርጋል፣ የፈለግኸው አንተ ነህ፣ ይዘኸው ሂድ አሉት፤ ቁጣ የለበትም ድምፃቸው፣ አብሽርም የለበትም። ወደ ሽንብራቸው ተመለሱ።

ሀቢቡላህ መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ የአራት ሰዓቱን መንገድ ቁልቁል ወረደ። የገበያ ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል፤ ያገኘው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ፣ ልትቆርጥ ነው ወይስ ቆርጠህ ነው እያለ ይጠይቀዋል። እሱም መካነ ሰላም እስኪገባ ድረስ ለሁሉም፣ አንድ በአንድ፣ ቆርጬ ነው እያለ መለሰ።