የመካኒኩ ሳል

በደብረ ታቦር የጣሊያንን ቋንቋ ከእኔ አሳምሮ የተናገረ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ ቢሆንም ያኮራል። አስተርጓሚ ተብለው ደመወዝ የሚበሉት ሁሉ ቃሉን ያውቁት ነበር እንጂ አፉን አያውቁትም። ዛሬ ልጆች ቋንቋ እንዴት ቶሎ እንደሚለመድ ሲጠይቁኝ መልሴ አንድ ነው፦ አንድ ሰው ምረጡና እሱን ሁኑ።

ዘዴውን ያገኘሁት ከቆሎ ተማሪነቴ ነው። በእኛ ትምህርት ንባብና ዜማ ይቀድማል፣ ትርጓሜ ኋላ ይመጣል። ተማሪ የመምህሩን ድምፅ፣ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ሳይቀር ይቀበላል እንጂ ምን ማለት ነው ብሎ አይጠይቅም። ጣሊያን ሲገባ ጉባኤው ተበተነ፤ እኔም ጣሊያኖች በሠሩት ምሽግ ውስጥ መኪና አጣቢ ሆኜ ገባሁ። እዚያ አንድ ቀጭን መካኒክ ነበር፤ ከመኪና ሥር ተኝቶ ብቻውን ያወራል። እሱን መረጥኩ። ጎማ እያጠብኩ የሚለውን ሁሉ በለሆሳስ እከተለዋለሁ። ንግግር ሲጀምር ሁለት ጊዜ ደረቅ ሳል ይስል ነበር፤ የቋንቋው ክፍል መስሎኝ ሳሉንም አጠናሁት። እሱ መምህሬ መሆኑን እንኳ አላወቀም።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል መካኒኩ የቆመ መኪና ሊጠግን በይፋግ መንገድ ሄደ፤ አርበኞች አድፍጠው ገደሉት። በማግስቱ ጣሊያኖች በመንገዱ ላይ ያገኙትን ገበያተኛ ሁሉ ሰብስበው አመጡ። ከይፋግ ጨው ጭኖ ሲመለስ የነበረው ታላቅ ወንድሜም ከመካከላቸው ነበር። ሊሰቅሏቸው ነው ተባለ።

የምሽጉን አስተርጓሚ አማልደኝ ብዬ ለመንኩት። ስለ ሽፍታ አፌን አልከፍትም አለኝ። ስለዚህ ራሴ የምሽጉ አዛዥ መኮንን ዘንድ ገባሁ። መኮንኑ የመካኒኩ አገር ልጅ ነው ይባል ነበር። እጅ ነሣሁ፤ ሁለት ጊዜ ሳልኩ፤ ወንድሜ ገበያ የዋለ ሰላማዊ ገበሬ መሆኑን አስረዳሁ።

መኮንኑ ሲጋራውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስል ወደ በሩ ተመለከተ።

«እንደገና ተናገር» አለኝ።

ተናገርኩ። ጨምር አለኝ። የምለው ሲያልቅብኝ መካኒኩ ከመኪና ሥር ሲያጉተመትም የሰማሁትን፣ ትርጉሙን የማላውቀውን፣ እንደ ዳዊት አወረድኩት። መኮንኑ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ወንድምህን ይዘህ ሂድ። ሁለተኛ በፊቴ እንዳትናገር።»

ስለ ሌሎቹ እስረኞች ልለምን አፌን ስከፍት ሳሉ ቀደመኝ። ዘበኛው ገፍትሮ አስወጣኝ። ሌሎቹ አልተመለሱም።

ዳገቱን ስንወጣ ለወንድሜ ሁሉንም በኩራት ደገምኩለት፣ ከነሳሉ።

«ጋሼ፣ በዚህ አፌ ነው ያወጣሁዎ» አልኩት።

ቆም ብሎ አየኝ። «ያንተን አፍማ አውቀዋለሁ። ይሄ የሌላ ሰው ነው። ቤት ሳንገባ እዚሁ ጣለው።»

አልጣልኩትም። እንዲያውም ጠንቅቄ አወቅሁት፤ ትርጓሜውም ጊዜውን ጠብቆ መጣልኝ። መካኒኩ ከመኪና ሥር ሲያጉተመትም የነበረው፣ «ልጄ፣ ዝናቡ ሲያባራ እመጣለሁ» እያለ ነበር።

ወንድሜ ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሮ በአልጋው ላይ ሞተ። ስለዚያ ቀን አንስቶ አያውቅም። ብቻ እኔ ሁለት ጊዜ ስስል ማዕድ ላይም ቢሆን እንኳ የጠቀለለውን ጉርሻ አስቀምጦ ወደ በሩ ያይ ነበር።

ደረቴ እስከ ዛሬ ጤነኛ ነው። በዚህ ዕድሜ ዳገት ስወጣ ወጣት አይቀድመኝም። ግን በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ሳሉ ይመጣል። አሁን ወደ በሩ የማየው እኔ ነኝ።