የተዘለለው ስም

በመጀመሪያ በዚያ እሑድ የእድር ጉባዔ ላይ፣ አዳራሹ ውስጥ፣ ማን ማን እንደነበርን ልዘርዝር። ከነጩ የፕላስቲክ ጠረጴዛ ኋላ፣ መሐል ላይ፣ የእድራችን ሊቀመንበር ነበሩ፤ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ትልቅ ትንሹ እትዬ የሚላቸው ሴት። በቀኛቸው ጸሐፊያችን፣ የሒሳብ መምህርት። በግራቸው እኔ፣ በሙያዬ የቤት ኤሌክትሪክ የምዘረጋ፣ በእድሩ ደግሞ የንብረት ክፍል ተብዬ የድንኳኑንና የአግዳሚዎቹን መጋዘን ቁልፍ የያዝኩ። በሩ ላይ ጡሩምባ ነፊያችን ቆሟል፤ ጡሩምባውን ትቶ በባትሪ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ይዞ መዞር ከጀመረ ቆይቷል። ፊት ለፊታችን፣ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ፣ ላፍቶ መንገድ ዳር የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡት ነጋዴ። ከእሳቸው ጎን፣ ሰፈሩ ማሳ ሳለ ጀምሮ የኖሩት፣ ዛሬም ከግቢያቸው ኋላ በቀረችው ቁራሽ መሬት ድንችና ጎመን የሚያለሙት አባባ። ከኋላቸው ሌሎቹ አባላት፣ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው በቀኝ በኩል። መስኮቱ ሥር ባለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ደግሞ ጉባዔው የተጠራባቸው ሰው።

ስም አልጽፍም፤ የማንንም። ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

እድራችን መካኒሳ አቦ አካባቢ ካሉት ትንሹ ሳይሆን አይቀርም። ደሞዝተኛ የለውም፤ ጡሩምባ ነፊው እንኳ የታክሲውን ያህል ቢሰጠው ነው። ግን ጥብቅ ነው። የቀብር ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ጥሪ አለ። ጸሐፊዋ ቆማ የእያንዳንዱን አባል ስም ትጠራለች። የመጣው «አለሁ» ይላል፤ ያልመጣው ቀሪ ይባላል። ቀሪ የበዛበት መጀመሪያ ይቀጣል፣ ካልተመለሰ ይሰረዛል። ሐዘንተኛው ከውስጥ ሆኖ ያን ሁሉ «አለሁ» ሲሰማ ደስ ይለዋል ይባላል። አባቴ ያረፈ ጊዜ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ እውነት ነው።

እኚያ መስኮቱ ሥር የተቀመጡት ሰው ከዚያ ጉባዔ ጥቂት ወራት ቀደም ብለው እትዬ ቤት ሄደው ነበር። ለተወሰነ ጊዜ ለቅሶ መድረስ እንደማይችሉ፣ ምክንያቱም ይህ ነው ብለው ነገሯቸው፤ ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳያውቅብኝ አሏቸው። እትዬም ኮሚቴውን ሰብስበው፣ «ምክንያቱን ሰምቻለሁ፤ በቂ ነው። ፈቃድ ይሰጣቸው። ከዚህ በላይ አትጠይቁኝ» አሉን። አልጠየቅናቸውም።

ጸሐፊዋ ግን አንድ ነገር ቸገራት። «ታዲያ በጥሪ ላይ ምን ልበል? ጠርቼ ቀሪ ልላቸው ነው?»

«እሱማ ነውር ነው» አሉ እትዬ።

«ዝለያቸው ታዲያ» አልን ሁላችንም። ደግነት መስሎን ነበር። ስማቸው ካልተነሣ ማንም አያስባቸውም ብለን። በእድር ጥሪ ላይ ስሙ የሚዘለል ሰው ወይ የሞተ ወይ የተሰረዘ መሆኑ ከአራታችን ለአንዳችንም አልታየንም። ጡሩምባ ነፊውም እዚያው ነበር፤ እሱም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ስሕተታችን የገባን የመጀመሪያው ጥሪ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ከእሳቸው በፊት ያለውን ስም ጠራች፣ ቀጥላ ከእሳቸው በኋላ ያለውን ጠራች፤ ያ ሁሉ ሰው ሲጫወት የነበረውን አቋረጠ። ከአጠገቤ አንዲት ሴት ለጎረቤቷ፣ «ሞቱ እንዴ?» አለች።

«ኧረ ትናንት ታክሲ ሲሳፈሩ አይቻቸዋለሁ።»

«ታዲያ ተሰረዙ በያ።»

በዚያው ሰሞን በእድሩ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዱ «ምን አጥፍተው ነው?» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው «ኮሚቴው ያውቃል» አለ። ከሁሉ የከፋው ግን ጡሩምባ ነፊው ያደረገው ነው። ከኛ ጋር ቁጭ ብሎ የሰማውን ረስቶ፣ ሰፈሩ ሲያወራ የእውነት ተሰርዘዋል ብሎ አመነ። አንድ ማለዳ ለቀብር ሊለፍፍ ሲዞር፣ ከእሳቸው በር በፊት ያለው ግቢ ላይ ለፈፈ፣ ድምፅ ማጉያውን አጥፍቶ በራቸውን አለፈ፣ ቀጥሎ ያለው ግቢ ላይ እንደገና ለፈፈ። እሳቸው አልጋቸው ላይ ሆነው ድምፁ ሲቋረጥና ሲቀጥል ሰምተዋል። ለእትዬ ሲነግሯቸው፣ «እኔ'ኮ አልሞትኩም» ብለው ፈገግ አሉ። እትዬ ግን ይህን ለእኔ ሲነግሩኝ ፈገግ አላሉም።

ጉባዔው እንዲጠራ ፊርማ ያሰባሰቡት ነጋዴው ናቸው። ደንባችን ይፈቅድላቸዋል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ድንኳን ሲተከል ሱሪያቸውን ሰብስበው ካስማ የሚመቱ ናቸው። ከዚህ በፊት በነበሩበት እድር ሊቀመንበሩ ለወዳጆቹ ፈቃድ እያደለ፣ እድሩ በጭቅጭቅ ፈርሶ አይተዋል። የሚያንገበግባቸው እሱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ነበር። ካፊያው ቆርቆሮውን መታ መታ ማድረግ ጀምሯል፤ ውጭ ወያላው «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» ይላል። ነጋዴው ተነሡ።

«እትዬ፣ አክብሬዎት ነው የምናገረው።»

«እርስዎ ሲያከብሩኝ እፈራለሁ» አሉ እትዬ። ሰው ሳቀ፤ ነጋዴውም ሳቁ።

«ይኼ እድር ነው» አሉ። «ባንክ አይደለም፣ ሐኪም ቤት አይደለም። ስሞት ተሸክሞ የሚያወጣኝ እድር ነው። ሬሳዬን ከሚሸከም ሰው የምደብቀው ምን አለኝ? አባል የገጠመው ነገር ካለ ይነገረን፣ ሄደን እንጠይቅ፣ አብረን እንቀመጥ። እድር ማለት ይኼ አይደለም እንዴ?»

«ጨረሱ?»

ይህ የእትዬ ልማድ ነው። ሰው ሲናገር አያቋርጡም፤ ሲያበቃም ጨረስክ ወይ ሳይሉ አይመልሱም።

«አልጨረስኩም።»

«እሺ፣ ይቀጥሉ።»

«ምክንያቱን አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ፈቃድ አልቀበልም። ዛሬ እርስዎ ነዎት፣ አምነንዎታል። ነገ ሌላ ሰው ይቀመጥና ለአክስቱ ልጅ ይሰጣል፤ ማን ይጠይቀዋል? ኮሚቴው ተጠሪነቱ ለጠቅላላ ጉባዔ ነው። ደንቡ ነው ያለው፤ እኔ አይደለሁም። አሁን ጨረስኩ።»

ደንቡ እንደዚያ ይላል። ማንም ሳያዘኝ ደጋግሜ ያነበብኩት ነው፤ አንዲት ቃል አላዛቡም።

እትዬ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አደረጉ። «ስለ ሥራዬ የምትጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ» አሉ። «ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዘመዴ አይደሉም። ስማቸው መዘለሉ ስሕተት ነው፤ የኮሚቴው ስሕተት ነው፤ እሳቸውንም እናንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ። ምክንያቱን ግን አልናገርም። እኔ ዘንድ ተቀመጠ እንጂ የእኔ አይደለም።»

«ለኮሚቴው እንኳ ለምን አልተነገረም?» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ብነግራቸው ኖሮ ዛሬ ሦስት ሰው ነበር የምታስጨንቁት።»

«አራት» አለ ጡሩምባ ነፊው ከበሩ። «እኔም አለሁ።»

አባባ ዞር አሉ። «አንተማ ከሰማህ ሰፈሩ ሰማ።»

«አባባ፣ ሥራዬ ነው'ኮ።»

ሳቁ እስኪበርድ ነጋዴው ቆመው ጠበቁ። ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ቀጥሎ የተናገሩትን ሳይወዱ የተናገሩት ይመስለኛል፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«እንግዲያው ሊቀመንበሯ ለጉባዔው መልስ ካልሰጡ፣ ከቦታቸው ይነሡ ወይስ ይቀጥሉ የሚለው ድምፅ ይሰጥበት።»

እትዬ ቦርሳቸውን ከፈቱና በነጭ መሐረብ የተጠቀለለውን የእድሩን ማኅተም አወጡ። ፈተው ጠረጴዛው ላይ፣ ከነጋዴው ፊት አስቀመጡት። እድሩ ከማሳ ዳር ጥላ ሥር ይሰበሰብ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሲያገለግሉ የኖሩ ሴት ናቸው። እድሩ ምን ያህል ነገራቸው እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

«ማኅተሙ ይኸው» አሉ። «ይኼን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ውሰዱት ብላችሁ ብትወስዱት አልቀየምም። ያኛውን አደራ የሰጣችሁኝ ግን እናንተ አይደላችሁም።»

ያን ጊዜ መስኮቱ ሥር ያሉት ሰው ተነሡ። አንድ እጃቸው የመስኮቱን ደፍ ይዟል።

«እኔው ልናገር» አሉ። «በእኔ የተነሣ እትዬ እንዲህ ሲሆኑ...»

«ይቀመጡ» አሉ እትዬ።

«ለእኔ ብለው አይደል እንዴ...»

«ለእኔ ብለው ሊናገሩ ከሆነ ይቀመጡ። ለራስዎ ብለው ከሆነ ይናገሩ፤ አልከለክልዎትም።»

ሰውየው አልተቀመጡም። ዝናቡ ጠንክሯል። ነጋዴው እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፊታቸው ወደ ጠረጴዛው ነበር፤ ስለማን እንደሚናገሩ ቢያውቁም ሰውየውን ዞረው አላዩም። አሁን ዞሩ። የቆሙትን ሰው አዩ፤ የመስኮቱን ደፍ የያዘውን እጅ አዩ።

«ይቀመጡ ጎረቤቴ» አሉ። «እኔ የጠየቅሁት ኮሚቴውን ነው። እርስዎን አልጠየቅሁም። እንዲህ አድርጌ መስማት አልፈልግም።»

ሰውየው ተቀመጡ። ነጋዴውም ተቀመጡ።

«ጋሪ ዳ» አሉ አባባ፤ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው፣ ደስ ሲላቸው ወደ ኦሮምኛቸው ይሄዳሉ። «እንግዲህ ሁለታችሁም ልክ ከሆናችሁ፣ እኔ ድንቼን የምቆፍረው መቼ ነው?»

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ሄደ። ነጋዴው እትዬ ይነሡ የሚለውን ሐሳባቸውን ተዉ፤ ፈቃድ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን የሚለውን ግን አልተዉም፤ እትዬም ተዉት አላሏቸውም። እንዲያውም «ውሳኔው የእኔ ብቻ መሆኑ ትክክል አልነበረም» አሉ። ጸሐፊዋ የአዲሱን ውሳኔ ቃል ጻፈች፣ ነጋዴው አንድ ሁለት ቦታ አረሙ። የማንም ስም እንዳይዘለል ተወሰነ፤ ሁሉም ይጠራል፣ ፈቃድ ያለው ሲጠራ ጸሐፊዋ «ፈቃድ» ብላ ታልፋለች። ምክንያት በጉባዔም በድንኳንም አይጠየቅም። ፈቃድ የሚሰጡት ደግሞ ሁለት ሰዎች ይሁኑ፤ ሊቀመንበሯና ከኮሚቴው ውጭ ጉባዔው የሚመርጠው አንድ ሰው።

«ማን ይሁን?» ሲባል እትዬ ወደ ነጋዴው ጠቆሙ። «እሳቸው ይሁኑ። ፊት ለፊት የጠየቁኝ እሳቸው ናቸው፤ ሌላው በስልኩ ነው የጻፈው።»

ጥቂት ሰዎች ወደ መሬት አዩ። ነጋዴው ተግደረደሩና እሺ አሉ። ወዲያው ጸሐፊዋ ያልታሰበ ነገር አነሣች። «እንግዲያው የአሁኑንም ምክንያት ይወቁት?»

መስኮቱ ሥር ያሉት ሰው ቀና አሉ። ነጋዴው እጃቸውን አወዛወዙ።

«የዚህኛው ይቅር። ከዛሬ ወዲያ ላለው ነው። ማኅተሙንም ያንሡት እትዬ፤ ዝናብ እየነካው ነው።»

እውነትም ከጣሪያው ይንጠባጠብ ነበር። እትዬ በመሐረቡ ጠርገው ጠቀለሉት።

ከዚያ ወዲያ በነበረው ለቅሶ፣ ጥሪ ሲደርስ እኔ የድንኳኑን አምፖል እያሰርኩ ነበር። ጸሐፊዋ የእሳቸውን ስም ጠራች፣ «ፈቃድ» አለች፣ ቀጠለች። ማንም አልዞረም። ጡሩምባ ነፊው ደግሞ ያን በር ሲያልፍ ከሌላው በር ይልቅ ቆም ብሎ ደጋግሞ ይለፍፋል፤ ጎረቤቶቹ እንቅልፍ ነሳን ብለው አማርረዋል።

አንድ ቀን ነጋዴው ሱቅ የኤሌክትሪክ ገመድ ልገዛ ገብቼ፣ አንድ ደንበኛቸው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ አገኘሁት። «ለመሆኑ ያ ጉዳይ ምን ነበር? አንተማ ሳታውቅ አትቀርም፤ አሁን እኮ ባለሥልጣን ሆነሃል» ይላቸዋል።

ነጋዴው ገመዱን እየለኩ ነበር። «ጨረስክ?» አሉት።

«ጨረስኩ።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ስንት ሜትር ነበር ያልከኝ?»

ገመዱን ተሸክሜ ወደ መካኒሳ ስመለስ ብቻዬን ሳቅሁ። «ጨረስክ?» የማን ቃል እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

እትዬን የማደንቀው ዝም ስላሉ ብቻ አይደለም፤ ዝም የሚል ሰው ብዙ ነው። እሳቸው ስለራሳቸው የተጠየቁትን አንድም ሳያስቀሩ መልሰው፣ ስለ ሌላው ሰው አንድም አልተናገሩም። የቱ የትኛው እንደሆነ ለይተው ያውቃሉ። ነጋዴውንም አደንቃለሁ፤ ያን ሁሉ ሰው ለዚያ ሰብስበው፣ ዞር ብለው አንድ ሰው ካዩ በኋላ ይቅርብኝ ማለት ቀላል አይደለም።

ከረጅም ጊዜ በኋላ፣ ነፋስ ስልክ በኩል በነበረ አንድ ለቅሶ ላይ፣ ጸሐፊዋ ያን ስም ጠርታ «ፈቃድ» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ከኋላ «አለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። አንገቷን ቀና አድርጋ ፈለገቻቸው። ከዚያ ቀጣዩን ጠራች። እትዬ ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ አልዞሩም፣ ነጠላቸውን ብቻ አስተካከሉ።

ያን እሑድ አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ የጎደለውን ሙሉልኝ፣ የተሳሳተውን አርሙኝ። ዝናቡ የጠነከረው ሰውየው ሲነሡ ነው ብያለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ማኅተሙ ሲወጣ ነው ትላላችሁ። አባባ በስተመጨረሻ ለሴቶቹ የነገሯቸውና ያን ያህል ያሳቃቸው ነገር ምን እንደነበረ ከጠረጴዛው በኩል አልሰማሁም። ከኋላ ስለ ኮሚቴው የጠየቀው ማን እንደሆነም አላየሁም፤ እሱ ራሱ ካነበበው ይንገረኝ፣ ስሙን አልጽፍበትም። ምክንያቱን የምታውቁ ካላችሁ ግን፣ ለእኔም አትንገሩኝ።