ከቀኝ ሲደመሰስ

ስማቸው ከፈለኝ፣ ያውም የሒሳብ መምህር። ሚስታቸው ደግሞ እትዬ በዛወርቅ። ቦንጋ ቀልድ ሲገኝ ዝም ብላ አታውቅም፤ «ማካፈል ማባዛትን አገባ» እያልን ስንስቅ ኖረናል።

ጋሽ ከፈለኝ በትውልዳቸው የደካ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ግን ቦንጋ ላይ እኛን ሲያስተምሩ ነው። እኔ ዛሬ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ካስተማሩኝ ሁሉ አንዷን ትምህርት እስካሁን አልረሳኋትም። ሰሌዳው ላይ 73939133 ብለው ጻፉ።

«ሰባ ሦስት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ አንድ መቶ ሠላሳ ሦስት። ብቸኛ ቁጥር ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም።»

ታዲያ ምን ይጠበስ አልን በሆዳችን። ጋሽ የቀኙን አሃዝ በዳስተር ጠረጉ፤ 7393913 ቀረ። እሱም ብቸኛ። ደግመው ጠረጉ፤ አሁንም ብቸኛ። እንዲህ እየጠረጉ 739፣ 73፣ በመጨረሻ 7። አንዱም አልተካፈለም! «ሱብሃነላህ!» ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ ሳቀብኝ፤ ጋሽ ግን አልሳቁም።

«እውነትሽን ነው፣ ራሕመት» አሉ። «እንዲህ ካሉት ቁጥሮች ከዚህ የሚበልጥ የለም። ከቀኝ የፈለጋችሁትን ያህል ደምስሱት፤ የቀረው ያው ብቸኛ ነው።»

አምና ስትሮክ መታቸው። ቃላቱ ከአፋቸው እየረገፉ ሄደው አንዲት ብቻ ቀረች፤ «በዛ»። እትዬ በዛወርቅ አጥሚት ሊያጎርሷቸው ቀረብ ሲሉ «በዛ» ይላሉ፤ ማንኪያው ይመለሳል። እኔም ላስታምም እየሄድኩ ጋቢ ስደርብላቸው «በዛ»፤ እገፍፍላቸዋለሁ። እንዲህ እያልን አከሳናቸው። በዓይናችን እያየናቸው መነመኑ።

እትዬን የበለጠ ያንገበገባቸው ግን ሌላ ነበር።

«ረሱኝ እኮ፣ ራሕመትዬ» አሉኝ አንድ ቀን እንባቸውን እየጠረጉ። «እንደ ሰው በዝዬ ብለው አቆላምጠውኝ አያውቁም። ሁሌ በዛወርቅ! ስሜን አንድ ቀን ሳይሸርፉ ኖረው፣ አሁን ጭራሽ ጠፋቸው።»

በዛወርቅ። ሰሌዳው ድቅን አለብኝ። በልቤ ዳስተሩን ከቀኝ በኩል አስጠጋሁና «ወርቅ»ን ጠረግሁት።

«እትዬ፣ ከቀኝ እኮ ነው የተደመሰሰው!» አልኩ እየተንተባተብኩ። «ጠግቤያለሁ ማለታቸው አይደለም። እርስዎን እየጠሩ ነው!»

አበደች እንዴ በሚል ዓይን አዩኝ። አጥሚቱን ይዘው ወደ አልጋው ዞሩ።

«በዛ» አሉ ጋሽ ከፈለኝ።

እትዬ ማንኪያውን ሊመልሱ ነበር፤ እጃቸው እዚያው ቀረ።

«አቤት» አሉ ቀስ ብለው።

ጋሽ ከፈለኝ አፋቸውን ከፈቱ።