ለወይራው ብዬ አልነበረም
የአክስቴ ልጅ ከአረብ አገር የተመለሰችው ለውጡ በመጣ ሰሞን ነው። እሷ ስትሄድ እኔም ፓስፖርት አውጥቼ ነበር፤ አርግዤ ቀረሁ። ሐይቅ ከተማ ከቤቴ አጥር ማዶ ግቢ ተከራየችና የለውዝ ቅቤ መሥራት ጀመረች። ከቆላ የሚመጣውን ለውዝ ታስፈለፍላለች፣ ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ትቆላለች፣ ፈጭታ በብልቃጥ እያሸገች ደሴ ላሉ ሱቆች ትልካለች። እኔ መናኸሪያው ዳር ዓሣ እየጠበስኩ እሸጥ ነበር።

የሚቆላው ለውዝ ሽታ አጥሩን አልፎ ሲገባ ልጆቼ «እማዬ፣ ደስ ሲል!» ይላሉ። ሽታውን ጠላሁት። እናቴ እንኳ ከገበያ ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው እሷ ቤት ሆነ። «ሰው ማለት እሷ ናት» ትለኛለች፣ የእኔን ሻይ እየጠጣች።

ከዚያ እንጨቱን ማየት ጀመርኩ። ለመቁያው የሚመጣው ከአምባሰል ተዳፋት የተቆረጠ ወይራ ነው፤ አህዮቹ ጠዋት ጠዋት ቅጠሉ ገና ያልደረቀ ቅርንጫፍ ተጭነው ይገባሉ። የለውዙን ቅርፊት ደግሞ ሠራተኞቿ በጆንያ ተሸክመው ሐይቁ ዳር ይደፉታል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ውሃው ዳር ዳሩን ይደፈርሳል፤ ዓሣ አጥማጆቹ ከመረባቸው ቅርፊት እየለቀሙ ይሳደባሉ። ጥፋቱ እውነት ነበር። እኔ ግን ጥፋት ስላገኘሁባት ደስ አለኝ።

ቀበሌ ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰውዬ «ዘመድሽ አይደለችም እንዴ?» አለኝ።

«ሐይቁ የሁላችን ነው» አልኩት። እኔ መሆኔን እንዳይነግራት አስማልኩት።

በሳምንቱ መጥተው ግቢውን አሸጉባት። እኔው ራሴ «አይዞሽ» ልላት ሄድኩ።

ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። እሷ ወደ አዲስ አበባ፣ እኔ ልጆቼን ይዤ ወደ ደብረ ብርሃን ሸሸን። ስንመለስ የእሷ መፍጫ የለም፣ የእኔም መጥበሻ የለም። መብራት ስላልነበረ ከተሜው ሁሉ ተራራ ወጥቶ እንጨት ቆረጠ። እኔም መጥረቢያ ይዤ ወጣሁ፤ ወይራም ቆርጫለሁ።

እሷ ግን ብየዳ ቤት ሄዳ ቅርፊት የሚያነድ ምድጃ አሠራችና ሥራዋን እንደ አዲስ ጀመረች። ሥራ አልነበረኝምና ለውዝ እንድፈለፍል ቀጠረችኝ። አንድ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንፈለፍል፦

«ያን ጊዜ የከሰሰኝን ሰው አላህ ኸይሩን ይስጠው» አለች። «እንጨት እየገዛሁ ማገዶዬን ሐይቅ ዳር እደፋ ነበር፤ ወላሂ።»

በልቧም በለጠችኝ። ያ ከሁሉ አንገበገበኝ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

እጇ ቆመ። «የሚለየን አጥር ነው። ለምን መጀመሪያ ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበራ» አልኳት። «ከሰማሽኝ ደግሞ ሥራሽ አይዘጋም።»

ልትሰግድ ተነሳች።

ከሥራ አላባረረችኝም። አጠገቧ የምትቀመጠው ግን ሌላ ሴት ሆነች፤ እኔ በሩ ጋ ነኝ። ሁለቱ ሲሳሳቁ ስሰማ ለውዙን ሳላየው እፈለፍላለሁ።