የሙሽራ መኪናው ማኒፎልድ

በዚህ ነገር ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። የመጀመሪያው የመኪናው ባለቤት ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ የሆኑ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የሚበልጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው። ሁለተኛው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ዲቪ ደርሶት ወደ አሜሪካ የመጣ፣ ከኤርፖርት ሰው እያመላለሰ የሚኖር፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ። ሦስተኛው ቅዳሜ የሚያገባው ሙሽራ ነው፤ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አራተኛው እኔ ነኝ። የሞተር ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም። ከጨረታ በገዛኋቸው አሮጌ መኪኖች ላይ፣ መጽሐፍ በአንድ እጄ መዝገበ ቃላት በሌላው ይዤ፣ እያበላሸሁ የተማርኩት ነው።

ጋሼ ሳንዲ ስፕሪንግስ በሚባል ከተማ ባለ አንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። እርጥብ አንሶላ የተጫነበት ጋሪ ሲገፉ ወገባቸው ተጎዳ፤ ሐኪሙም ከባድ ነገር እንዳይገፉና እንዳያነሱ ከለከላቸው። ከዚያ በኋላ ያጠራቀሙትን ሁሉ አውጥተው የስድሳዎቹን ሥሪት ነጭ የአሜሪካ መኪና ገዙ። ለሠርግ ሊያከራዩት ነው። የእኛ ሰው አበባ የተለጠፈበት አሮጌ መኪና ይወዳል፤ ሐሳባቸው መጥፎ አልነበረም። የመጀመሪያው ሥራቸው የቅዳሜው ሠርግ ነበር። እሱ ካማረ ለየሠርጋቸው ሊከራዩት የሚፈልጉ ሌሎች ሰዎች ተገኝተዋል፤ ካልሆነ ወደ ጋሪው መመለስ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ሞተሩ ላይ የሚቀመጠው፣ አየርና ቤንዚኑን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለው የብረት ማኒፎልድ ተሰንጥቆ ውሃ ያፈስ ነበር። የጥንቱን ዓይነት ፈልገን አጣን። ጋሼ ሌላ ፋብሪካ የሠራውን የአሉሚኒየም ማኒፎልድ በኢንተርኔት አዘዙ። እሳቸው ያሉበት አፓርትመንት መኪና መጠገን አይፈቀድም፤ ሊቶኒያ ባለው የእኔ ቤትም ቢሆን የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደጅ ላይ ኮፈን ተከፍቶ ማየት አይወድም። ስለዚህ ረቡዕ ዕለት፣ የዕረፍት ቀኔ ነበር፣ ጋራዤ ውስጥ አስገብተን በሩን ወደ ታች አውርደን በዚያ ሙቀት ጀመርን።

የድሮው ማኒፎልድ ብሎኖች ዝገው ተጣብቀው ነበር። የባለቤቴ ወንድም እንደ እኛ ሳይሆን ኦርቶዶክስ ነው፣ ረቡዕን ይጾማል፤ ቁልፉን ይዞ ሲታገል ጋሼ ቆመው ያዩታል።

«ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ረስቼ። የጾመ ሰው ብሎን አይፈታም» አሉት።

«እርስዎ በልተውም አልፈቱትም፣ ጋሼ።»

«እኔ ወገቤን ብዬ ነው።»

«እኔም ጾሜን ብዬ ነው። ኢንጂነር፣ ዘይቱን ወዲህ በል።» ኢንጂነር የሚለኝ ሊያበሽቀኝ ነው።

ብሎኖቹ ተፈቱ፣ ማኒፎልዱ ተነሣ። ሲነሣ የሞተሩ ራስ ላይ ያሉት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። በሁለቱ ብረቶች መሐል የሚገባው ማሸጊያ፣ አሮጌው ጋስኬት፣ ሲፋቅ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ቀዳዳዎቹ በጨርቅ ይደፈናሉ። የባለቤቴ ወንድም አሮጌ የሥራ ሸሚዙን ቀድዶ ደፈናቸውና መፋቅ ጀመረ። ጥሩ አድርጎ ፋቀ፤ ሥራውን አልነቅፍም። ሊጨርስ ሲል ስልኩ ጮኸ፤ ደንበኛ ነው፣ ከኬኔሶ ወደ ኤርፖርት የሚሄድ። እጁን እየጠረገ ወጣ። በር ላይ ሆኖ ለጋሼ አንድ ነገር ተናገረ፤ እኔ ጩኸታሙን የአየር ኮምፕሬሰር አብርቼ ስለነበር አልሰማሁትም።

ጨርቆቹን ያወጡት ጋሼ ናቸው። የራሳቸው መኪና ነው፤ ወገባቸው የሚፈቅድላቸውን ሥራ ለመሥራት ፈልገዋል። እኔ አዲሱን ጋስኬት እያዘጋጀሁ ነበር።

«ሁሉም ወጣ?» አልኳቸው።

«ወጥቷል።»

«ወደ ውስጥ የሾለከ እንዳይኖር ብዬ ነው።»

«ምን ሆነሃል? ዓይኔ እኮ ገና አልጠፋም» አሉና ሳቁ።

የእጅ ባትሪው ኪሴ ውስጥ ነበር። አውጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አብርቶ ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። ነገር ግን ቤቴ የመጡ ትልቅ ሰው፣ ሽማግሌዬ፣ ወጥቷል ካሉ በኋላ ተከትሎ መፈተሽ፣ አላመንኩዎትም ብሎ ፊት ለፊት ከመናገር አይለይም። ባትሪውን ኪሴ ውስጥ ተውኩት። ማኒፎልዱን አስቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ መጽሐፉ እንዳለው ሠራሁ። ጫፍና ጫፉ ላይ ሲሊኮን ቀባሁ፣ ብሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር፣ ጉልበት በሚለካው ቁልፍ፣ እየደጋገምኩ አጠበቅኩ። አዲሱ ከድሮው ከፍ ስለሚል ኮፈኑ አልዘጋ አለ፤ የአየር ማጣሪያውን አጠር ባለ ቀየርኩት፣ ተዘጋ። ጋሼ ኮፈኑን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። የባለቤቴ ወንድምም ደንበኛውን አድርሶ ተመለሰ። እኔና እሱ መኪናውን ወደ ደጅ ገፍተን አወጣነው። ጋሼ አጭር ጸሎት አደረጉ፣ መሪው ላይ ተቀመጡ፣ አስነሡ።

ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። ድምፁ ደስ ይል ነበር። ጋሼ በመስኮቱ እየሳቁ ነዳጅ ሰጡት። ያኔ ከውስጥ ብረት በብረት ሲመታ ሰማሁ።

«ያጥፉት! ጋሼ፣ ያጥፉት!»

ደስታቸው አላሰማቸውም፤ ጨምረው ረገጡት። አንድ ከባድ ምት ተሰማና ሞተሩ ደርቆ ቆመ። ደግመው ቁልፉን ቢያዞሩ አልንቀሳቀስ አለ።

በማግሥቱ ፈታነው። የሸሚዙ ቁራጭ ከኋለኛው ቀዳዳ ተስቦ ገብቶ ቫልቩን፣ የቀዳዳውን መክፈቻና መዝጊያ፣ እንዳይዘጋ ይዞታል። ፒስተኑ መጥቶ ቫልቩን መታው፣ የቫልቩ ራስ ተሰበረ፣ ስባሪው ፒስተኑን በስቶ የሲሊንደሩን ግድግዳ ፈልጦታል።

«ማን ነው ይህን እዚህ ድረስ የጠቀጠቀው?» አሉ ጋሼ።

«እኔ ነኝ» አለ የባለቤቴ ወንድም። «ማን ነው ያላወጣው?»

«እኔን ነው እንዲህ የምትጠይቀኝ?»

«የኋለኛው ጠልቋል ብዬ በር ላይ ነግሬዎታለሁ። ኦኬ? ነግሬዎታለሁ፣ ጋሼ!»

«ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ ምኑን ሰማሁ!»

«ታዲያ ለምን እሺ ብለው ራስዎን ነቀነቁ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ተናገር» አሉኝ።

ተናገርኩ። አንዱ ጠቀጠቀ፣ አንዱ ያልሰማውን እሺ አለ፣ አንዱ ማየት እየቻለ አላየም። ሦስታችንም ይሉኝታ ነው የያዘን፤ ሰምተውኛል ወይ ማለትም፣ አልሰማሁም ድገምልኝ ማለትም፣ ልፈትሽ ማለትም ነውር መሰለን። ልጆቼን ትልቅ ሰው አክብሩ ብዬ ነው ያሳደግኳቸው፤ አሁንም እንደዚያ እላለሁ። ነገር ግን ሰውን ማክበርና የሠራውን አለመፈተሽ አንድ አድርገን የያዝን ሰዎች ነን፤ ይህ ጨዋነት አይደለም፣ ስንፍና ነው። ጋሼን ከልቤ ባከብራቸው ኖሮ ባትሪውን አውጥቼ እንጀራቸውን እጠብቅላቸው ነበር። ይህን ስነግራቸው ቆባቸውን አድርገው ወጡ፤ የባለቤቴ ወንድም ላድርስዎት ቢላቸውም ታክሲ ጠሩ።

ሙሽራው ቅዳሜ ሊሞ በሚሉት ረጅም መኪና ተሞሸረ፤ በጥድፊያ ስለተከራየው ዋጋው እጥፍ ነበር፣ ልዩነቱን እሱና ጋሼ ተካፈሉት። መኪናው ላይ ሌላ ሞተር ለማስገባት የሚጠየቀው ከመኪናው ዋጋ በለጠ፤ እንደቆመ፣ ከተገዛበት በጣም ባነሰ ዋጋ ተሸጠ። እኔና የባለቤቴ ወንድም የድርሻችንን አዋጥተን ሰጠናቸው። ተቀበሉን፣ ግን ከባለቤቴ ወንድም ጋር እስካሁን ሰላምታ የላቸውም። ሐኪሙ የከለከላቸውን ጋሪ ተመልሰው እየገፉ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ደረጃውን ወደ ጎን ዞረው፣ የብረቱን ድጋፍ ይዘው ይወርዳሉ።

ማኒፎልዱ፣ ጋስኬቱ፣ ሊሞው፣ በመኪናው ላይ የወረደው ኪሳራ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲደመር፣ ለአራታችን ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ዶላር።