የተጎነደለው ቡና

አባቴን ቡናውን ያስጎነደልኩት እኔ ነኝ። የግብርና ባለሙያ ነበርኩ፤ ያረጀ ቡና ከጉልበት በታች በመጋዝ ሲቆረጥ አዲስ ቀንበጥ አውጥቶ በሦስተኛው ዓመት የተሻለ እንደሚያፈራ ለገበሬው ማስተማር ሥራዬ ነበር። ማንም እሺ አላለኝም። የሚተዳደርበትን ቡና በገዛ እጁ የሚቆርጥ ሰው ከየት ይመጣል? ምሳሌ የሚሆን ሰው ሳጣ ዞሬ አባቴ ላይ አረፍኩ። ሁለት ወር ሙሉ ነዘነዝኩት። በመጨረሻ «በል እንግዲህ፣ ቢስሚላህ» ብሎ መጋዙን አነሳ፤ ከጅሬን ኮረብታ ጀርባ ያለችው መሬታችን ጉቶ ብቻ ሆነች። ጎረቤታችን አጥሩን ተደግፎ ሳቀበት።

በዓመቱ በዚያ በኩል መንገድ ሊወጣ ነው ተባለ። ወላድ በቃሬዛ ተሸክመን አስፋልት ድረስ ስንሮጥ የኖርን ሰዎች ነን፤ ደስ አለን። የሚያልፈው ግን በእኛና በጎረቤታችን ማሳ ላይ ነበር። ካሳው ደግሞ በቡና እግር ልክ ነው፤ ያልተመዘገበ እግር ባዶ መሬት ነው።

ቡናውን ቆጥሮ የሚመዘግበው የካሳ ኮሚቴ በመጣ ቀን ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ። መጀመሪያ የጎረቤታችንን ቆጠሩ። ሽበት ያወጣ፣ እፍኝ ፍሬ የማይሞላ ቡናው አንድም ሳይቀር ተመዘገበ። እኛ ጋ ሲደርሱ ሰብሳቢው ቆመ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ቡና ነው።» አባቴ ጎንበስ ብሎ ቀንበጡን በመዳፉ ደገፈ። «ኢላላ፣ ተመልከቱት።»

ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለመመዝገብ ምክንያት ነበር የሚፈልገው። ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ባለሙያ ነህ። ቡና ነው?»

«ነው» ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ሥልጠና ላይ እንደምናገረው ጀመርኩ። «ጉንደላ የተደረገለት ነው። ምርት የሚሰጠው በሦስተኛው ዓመት ስለሆነ...»

«እንግዲያው አሁን ምርት የለውም» አለ ሰብሳቢው። «የማያፈራ አንመዘግብም።»

ለማስተካከል አፌን ስከፍት ጸሐፊው ጽፎ ጨርሶ ነበር። አባቴ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ፈረመ። ምላሴን ብነቅለው በወደድኩ። እስከ ቤት ድረስ ከኋላ ከኋላው ሄድኩ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«ስንት እግር ጻፉልን?»

አባቴ ጫማውን እያወለቀ፣ ቀና ሳይል መለሰላት።

«ባለሙያውን ጠይቂው።»