ተቃዋሚ ካለ እጁን ያውጣ

የታሰርሁት ማሽላ አልጭንም ስላልሁ ነው።

በረሃቡ ዘመን ሱዳን ተሰድጄ ገዳሪፍ ላይ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ወዛደር ነበርሁ። ከእኛም አገር ከሱዳን ገጠርም የተሰደደው ሕዝብ በመጋዘኑ አጥር ሥር ተኝቶ ያልቃል፤ እኛ ከአጥሩ ወዲህ ለውጭ አገር የተሸጠ ማሽላ በመኪና ላይ እንከምራለን። አንድ ቀን አንዲት ሴትዮ በበሩ ሾልካ ገብታ ከመኪናው ሥር የፈሰሰውን ፍሬ ከነአፈሩ ስትዘግን፣ ዘበኛው በአለንጋ ገረፋት። የተሸከምሁትን ጆንያ ጣልሁት። ስድስት ሰዎች አብረውኝ ጣሉ። ቀትር ሳይሆን ፖሊስ መጣ። «መሪያችሁ ማነው?» ሲል ነጋዴው በጣቱ አሳየኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው ሲነኩት ይፋጃል። አርባ የምንሆን ሰዎች ጉልበታችንን አቅፈን ተጠጋግተን እንውላለን። በመስኮቱ ፍርግርግ ሶመዓ የሚሉት ረጅም የሲሚንቶ ጎተራ ይታያል፤ ሙሉ ነው። ለእኛ በቀን አንድ ጊዜ አሲዳ፣ የማሽላ ገንፎ፣ ትመጣለች። ያችንም በግማሽ ቀነሷት።

ከበሩ አጠገብ አንድ ሱዳናዊ ሽማግሌ ይቀመጣሉ። ሁሉም «ዓሚ» ነው የሚላቸው፤ አጎቴ ማለት ነው። የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ በሠራተኞች ድምፅ ፓርላማ የገቡ ሶሻሊስት ናቸው። በተሰባበረ ዓረብኛዬ አወራቸው ነበር።

«በጣት የምንቆጠር ነበርን» አሉኝ። «የቀሩት የሃይማኖት አባት፣ ባለርስት፣ ነጋዴ ናቸው። ገበሬው ከምርቱ የሚያገኘው ድርሻ በሕግ ይወሰን ብለን ስንነሣ ይስቁብናል። አንድ ቀን ግን መሳቁን ትተው በእጅ ብልጫ አባረሩን። ፍርድ ቤት ሄደን ረታን። ፓርላማው ፍርዱን አልቀበልም አለ። ቆይቶ ወታደሩ መጣና የሳቀውንም የተሳቀበትንም አንድ ላይ በተነው።»

ንዴቴ ገነፈለ። እኔ በተማሪነቴ ፓርላማ የባላባት መጫወቻ ነው ስል የኖርሁ ሰው ነኝ። ኋላ ጠመንጃ የያዙት በዚያው በሶሻሊዝም ስም ታላቅ ወንድሜን ጎንደር ላይ ገድለው ሬሳውን መንገድ ላይ ጣሉት።

«ታዲያ እጅ ማውጣት ምን ፈየደልዎ?» ብዬ ጮኽሁባቸው። «ይኸው እዚህ ነዎት!»

አልተቆጡም።

«እኔን ሲያባርሩ እያንዳንዳቸው እጃቸውን አንሥተው ነው፤ አንድ በአንድ አየኋቸው። ወንድምህን የገደሉትን አይተሃቸዋል?»

አላየኋቸውም። ያም ይበልጥ አናደደኝ።

በሳምንቱ አንድ አብሮን የታሰረ የቀን ሠራተኛ በረሃብ ክፍሉ ውስጥ ሞተ። ሽማግሌው በሲጋራ ወረቀት ላይ አቤቱታ ጻፉ፦ ጎተራው ሙሉ ሆኖ እስረኛ በረሃብ እየሞተ ነው፣ ምግባችን ይመለስ። በማግሥቱ ጧት መኮንኑ ወረቀቱን ይዞ ገባ።

«ይህን የጻፈ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው።

መኮንኑ ፈገግ አለ። ከግቢው ዳር በቆርቆሮ የተሠራ ባዶ ክፍል ነበር፤ ቀትር ላይ እዚያ የገባ ሰው ተሸክመውት ነው የሚወጣ።

«አንተ ድምፅ መስጠት ትወድ የለ?» አላቸው። ወደ እኛ ዞረ። «ሽማግሌው ወደ ቆርቆሮው ይሂድ የምትሉ እጃችሁን አውጡ። ከወሰናችሁ ከነገ ጀምሮ ሙሉ አሲዳ ትበላላችሁ።»

ሽማግሌው ተነሥተው ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«ድምፅ ከሆነ በሥርዓቱ ይሁን። መጀመሪያ ልናገር።»

መኮንኑ ለጨዋታው ፈቀደላቸው።

«ወንድሞቼ፣ ርቧችኋል፤ አልፈርድባችሁም» አሉ። «ግን አሲዳችሁን የወሰድሁት እኔ አይደለሁም። ጨረስሁ።»

እጅ መውጣት ጀመረ። አንድ፣ ሦስት፣ ከዚያ እንደ ቁጥቋጦ በቀለ። ከአጠገቤ የመተማ ሰው ነበር፤ ለሰሊጥ አጨዳ ተሻግሮ ያለ ወረቀት ተይዞ የገባ። እያየኝ እጁን እስከ ትከሻው ድረስ አነሣ።

«ምን ላድርግ ወንድሜ» አለኝ በሹክሹክታ፤ «ራበኝ እኮ።»

በጥፊ ልለው ቃጣኝ። እጄን ግን ያዝሁት።

መኮንኑ «በቃ፣ አልቋል» አለ።

«አላለቀም» አሉ ሽማግሌው። «ድምፅ ሁለት ወገን አለው። ተቃዋሚ ካለ እጁን ያውጣ።»

መኮንኑን፣ ነጋዴውን፣ ያንን የመተማ ሰው፣ ራሴንም ጭምር እየረገምሁ ቀኝ እጄን ቀጥ አድርጌ አወጣሁ።

«አንድ» አሉ ሽማግሌው። «ይመዝገብ።»

መኮንኑ በያዘው ዱላ ክንዴን መታኝ። እጄ ወረደ፤ መልሼ አነሣሁት። ሁለታችንንም እየገፈተሩ ቆርቆሮው ውስጥ ዘጉብን። ሁለት ቀን ቆየን። ከንፈራችን ተሰነጣጥቆ ስንመለስ የመተማው ሰው ቦታውን ለሽማግሌው ለቀቀ፤ ቀና ብሎ ሊያየን አልቻለም። አሲዳዋ ያችው ግማሿ ነበረች።

ከወራት በኋላ የሱዳን መንግሥት በሕዝብ ዐመፅ ወደቀ፣ እኛም ወጣን። ቀጥሎ ምርጫ ሆነ፤ ሽማግሌው ተወዳድረው በአንድ ሼኽ ልጅ ተሸነፉ። ገበያ ላይ አግኝቼ «አዘንሁ» ብላቸው፣ «ምን ያሳዝናል? ተቆጥረን እኮ ነው የተሸነፍን» አሉኝ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እኔ ዛሬም እዚያው ሱዳን፣ ኡም ጋርጉር የስደተኞች ሰፈር ነኝ፤ አርጅቻለሁ። ንዴቴ አልበረደም፤ እንዲበርድም አልፈልግም። አገሬ ምርጫ ሲደረግ እዚህ ነበርሁ፤ እዚህ ሲደረግ ስደተኛ ነህ ተባልሁ። በዕድሜዬ ድምፅ የሰጠሁት ያን ጧት ብቻ ነው።